ኤሊ ያስመለሰችው ስምንት ቁና ገብስ

አንድ ጊዜ፣ ተበዳሪ አበዳሪውን እየበላ ዕዳውን የሚያጠፋበት ዘመን ባለፈ ማግስት፣ አህዪትና ጅብ በአንድ ወንዝ ዳር ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። ጎረቤት የሆኑት ተዋደው አልነበረም፤ አንበሳ አዋጅ ስላወጣ ነው። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ «አበዳሪውን የበላ ተበዳሪ ዕዳውን እጥፍ አድርጎ ለሟች ዘመዶች ይከፍላል። ከሳሹን የበላ ተከሳሽ ከመስኩ ይባረራል።»

ጅብ አዋጁን በሰማ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም ይባላል። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ሐሳብ መጣለትና ፊቱ በራ።

«ካልበላኋት እበደራታለሁ» አለ።

ወዲያው የአባቱ ተዝካር ደረሰ። ለጠላ የሚሆን ገብስ አልነበረውም። አህዪት ደጅ ሄዶ፣ እንባውን በሁለት መዳፉ እየጠረገ ቁጭ አለ።

«አህዪትዬ፣ አባቴ ያለ ተዝካር ቀረ ይባል?»

«አባትህ እኮ አጎቴን የበሉት ናቸው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ! ዘመድ ማለት ነን።»

አህዪት ሆደ ቡቡ ነች። የሚያለቅስ ካየች፣ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ማጣራት ትረሳለች። ጎተራዋን ከፍታ አሥር ቁና ገብስ ሰፈረችለት። ለማስታወሻ ይሁን ብላ እርጥብ ሸክላ ላይ አሥር ጭረት ጫረች፤ ጅብም መዳፉን ተጭኖ ፈረመ። ሸክላው ፀሐይ ላይ ደረቀ። «ለመኸር እመልሳለሁ» ብሎ ገብሱን ተሸክሞ ሄደ።

መኸር ደረሰ። ጅብ ሁለት ቁና መለሰ። ከዚያ በኋላ የአህዪትን ደጅ በሩቁ እየዞረ ማለፍ ጀመረ።

በዚህ መሐል አህዪት አረገዘች። የምትወልደው ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ወንዙ ይሞላል፤ ሣሩ ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ሆዷ የከበደ እናት ሙላት አትሻገርም። ጎተራዋ ውስጥ የቀረውን ገብስ በየቀኑ እያየች ታሰላለች፤ ስሌቱ በየቀኑ ያንኑ ይነግራታል። የተበደረው ካልተመለሰ ሲርባት ትከርማለች፣ እሷ ከራባት ጡቷ ወተት አይዝም፣ ጡቷ ወተት ካልያዘ የምትወልደው አያድግም። ተነሥታ ጅብ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ገብሴን?»

«የምን ገብስ?»

«ለአባትህ ተዝካር የወሰድከውን ነዋ።»

«እንግዲያው አባቴን ጠይቂው። የተጠጣው ለሱ ነፍስ ነው።»

አህዪት እየተንገዳገደች ተመለሰች። መንገድ ላይ ያገኘቻት በግ አዘነችላት። በግ ምክር ከመስጠት ቦዝና አታውቅም።

«እንደ ድሮው በቁራኛ እሰሪው እንጂ! አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር እኮ። እስኪከፍል አብረሽው ትውያለሽ፣ አብረሽው ታድሪያለሽ።»

«ከጅብ ጋር?»

በግ ትንሽ አሰበች። «እውነትሽን ነው» አለች፤ «ጠዋት የሚገኘው ነጠላው ብቻ ነው።»

በመስኩ መሐል ባለው ትልቅ ሾላ ሥር የቀበሮ ቢሮ አለ። ግንዱ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ያልተከፈለ ዕዳ በሦስት ቀን እናስመልሳለን።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሌላም ነገር ተጽፏል፤ እሱን ግን ያነበበው የለም። አህዪት ቆማ ሰሌዳውን ስታይ ቀበሮ ሮጦ መጣ።

«ግቢ እመቤቴ፣ ግቢ! ስንት ነው ያለበት?»

«የወሰደው አሥር ነበር፣ ሸክላው ላይም አሥር አለ፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን…»

«በቃ፣ አሥራ አምስት እንላለን። አምስቱ ለድካሜ።»

«ግን እኮ…»

«ጠበቃው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«ውል አንጻጻፍም?»

ቀበሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔና አንቺ? እንዴ! እንዲህ ነው የምታስቢኝ?»

አህዪት ነገሩ አላማራትም። ግን ቆማ እንዳትከራከር እግሯ አብጦባት ነበር፤ ዝም አለች። ዝምታዋን ቀበሮ እንደ ውል ወሰደው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ቀበሮ የቀጠራቸው ቁራዎች በጅብ ዋሻ አናት ላይ ሰፍረው መጮህ ጀመሩ። «የጅብ ቤት ቀማኛ! የአህዪት አሥራ አምስት ቁና የት ገባ? ቋ! ቋ!» መስኩ በሙሉ ነቃ። በሁለተኛው ቀን ቀበሮ ራሱ ወደ ጅብ አማት ሄደ፤ «ልጅዎ የተዳረችው ለሌባ ነው፤ እኔ ነገሩን ለማንም አልነግርም» አላቸው። ይህንኑ ለሁሉም እንደማይነግር እየነገረ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ የአንበሳ መልእክተኛ መስሎ ጅብ በሌለበት ዋሻው ገባ። «አባታችሁ ሊታሰር ነው!» ብሎ ልጆቹን አስለቀሰ። ከዚያ የተኙበትን አጎዛ ከሥራቸው መንጥቆ ወጣ።

«ለመያዣ ነው» አለ። መያዣውን ቢሮው አንጥፎ ተቀመጠበት።

ገብስ ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። ጅብ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተበዳይ ሆነ፤ ነገሩንም እጅግ ወደደው። ደረቱን እየደቃ አንበሳ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ! ስሜ ጠፋ! አማቴ አኮረፉኝ! ልጆቼ ድንጋይ ላይ ተኙ! እኔ፣ ማንንም የማልነካ ጅብ!»

ችሎቱ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንበሳ አህዪትን አስጠራት።

«ቁራዎቹ የጮኹት በማን ስም ነው?»

«በእኔ ስም ጌታዬ። ግን ጩኹ አላልኩም።»

«ቀበሮን ማን ላከው?»

«እኔ ነኝ የላክሁት። ግን እንዲህ አድርግ አላልኩትም።»

«አታድርግስ ብለሽዋል?»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«እኔ አማካሪ ብቻ ነኝ» አለ ቀበሮ፤ ይህን ሲል ግማሽ አካሉ ከችሎቱ ወጥቶ ነበር።

«አጎዛው በሦስት ቀን ለባለቤቱ ይመለስ» አለ አንበሳ። «ካልተመለሰ የገብሱን ነገር ሁለተኛ እዚህ አላይም።»

አህዪት ከችሎት ስትወጣ ተበዳይነቷ ተነጥቆ፣ ገብሷም ተነጥቆ፣ ከነሆዷ ብቻ ቀረች። ጅብ በአጠገቧ ሲያልፍ እየሳቀ ነበር፤ እርግጥ ጅብ መቼም ይስቃል።

ወንዙ ዳር፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ፣ እትዬ ኤሊ የምትባል ጠበቃ ትኖራለች። ሰሌዳ የላትም። ቢሮዋን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ስለምትዞር የት እንዳለች የሚያውቀው አጥብቆ የፈለጋት ብቻ ነው። አህዪት ፈልጋ አገኘቻትና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት። ኤሊ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ አንገቷን ከቅርፊቷ ትንሽ አወጣች።

«ስንት ነው የቀረበት?»

«ሸክላው ላይ አሥር አለ።»

«ሸክላውን አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት አንቺን ነው። የመለሰው አለ?»

አህዪት ጆሮዋን ጣለች።

«ሁለት መልሷል። ግን እትዬ ኤሊ፣ አሥር ብንልስ ምናለ? ስንት ቀን ሙሉ አስለቀሰኝ እኮ!»

«ለለቅሶሽ ስንት ቁና ይታሰብልሽ?»

«እ?»

«ለእንባ መስፈሪያ የለኝም፤ መስፈሪያ ያለኝ ለገብስ ነው። የምጽፈው ስምንት ነው። አሥር ከፈለግሽ የሾላው ሥር ሩቅ አይደለም።»

አህዪት ወደ ሾላው ሥር ለመመለስ አቅሙም ልቡም አልነበራትም። «ስምንት ይሁን» አለች።

«የእኔ ድካም ግማሽ ቁና ነው። ገብሱ ገብቶ፣ አንቺ ሰፍረሽ ከተረከብሽው በኋላ ትሰጪኛለሽ። ይኸው እርጥብ ሸክላ፤ ኮቴሽን ተጫኚበት። አንዱ ካንቺ ጋር፣ አንዱ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።»

«ታሸንፊልኛለሽ?»

«አላውቅም።»

«ቀበሮ እኮ በሦስት ቀን ብሎኝ ነበር።»

«ሦስቱ ቀን አላለፈም እንዴ?» አለች ኤሊ፤ ወደ መንገዱም ጉዞ ጀመረች። አህዪት አንድ እርምጃ ስትራመድ ቆማ ትጠብቃታለች፣ ሌላ ስትራመድ ደግሞ ትጠብቃታለች። «በዚህ አካሄድ ክረምቱ ይቀድመናል» ብላ በልቧ አሰበች።

መጀመሪያ የሄዱት ቀበሮ ዘንድ ነው። አጎዛው ላይ ተጋድሞ አገኙት።

«አጎዛውን ለመያዝ ማን ፈቀደልህ?» አለች ኤሊ።

«ሙያው ራሱ ይፈቅዳል።»

«ከችሎት የተሰጠህ ትእዛዝ ካለ አሳየኝ።»

«ትእዛዝ… አሁን እጄ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ነገ ይህንኑ ጥያቄ አንበሳ ፊት እጠይቅሃለሁ። ቀይ ጨርቁንም ይዘህ ና።»

ቀበሮ ከአጎዛው ላይ የተነሣው እሾህ እንደወጋው ሆኖ ነው።

አህዪት አጎዛውን ጀርባዋ ላይ ጣለችና ከኤሊ ጋር ወደ ጅብ ዋሻ ወረደች። ከዋሻው ደጅ አንዱ የጅብ ልጅ አሻግሮ አያትና ዘሎ ተነሣ።

«እማ! ምሳ መጣ!»

«ዝም በል!» አለች ጅቢት ከውስጥ። «ከሳሻችን ናት። ከሳሽ አይበላም።»

ጅቢት ወጥታ ደጁ ላይ ቆመች። አህዪት አጎዛውን አወረደች።

«አጎዛውን የወሰድሁት እኔ አይደለሁም። የተወሰደው ግን በእኔ ስም ነው። ልጆች ባዶ መሬት ላይ እንዳደሩ አላወቅሁም ነበር። ይቅር በይኝ።»

ጅቢት አጎዛውን አላነሣችም። ዓይኗ የአህዪት ሆድ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው?»

«ሰኔ ሲያልቅ።»

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«ሁለተኛዬ። የመጀመሪያው አላደገም።»

ጅቢት አጎዛውን አራገፈችና ልጆቹ ወደተኙበት ይዛ ገባች። ተመልሳ ስትመጣ ኤሊ የታጠፈና በልጥ የታሰረ የኮባ ቅጠል ይዛ አገኘቻት።

«ለባለቤትሽ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።»

«ስጪኝ፣ አደርስለታለሁ።»

«እጃቸው ላይ ነው የምሰጠው። እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። አህዪት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ለኤሊ ግን መጠበቅ ሥራ አይደለም፣ ዕረፍት ነው። አንድ ቁራ ከቅርንጫፍ ወርዶ አንገቱን አሰገገ።

«ምን ይላል ደብዳቤው?»

«ላንተ አልተጻፈም» አለች ኤሊ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጅብ መጣ። ኤሊ መጀመሪያ መቀበሉን በመዳፉ እንዲፈርም ሸክላ አቀረበችለት። ጅብ የሚቀበለው ነገር የሚበላ መስሎት ቶሎ ብሎ ተጫነ። ከዚያ ቅጠሉን ተቀበለ፤ አገላበጠው፤ አሸተተው፤ ከነልጡ ዋጠው።

«አሁን ዕዳው የት አለ?» አለ ከንፈሩን እየላሰ።

«አቶ ጅብ፣ ቢያነቡት ይሻልዎት ነበር። ሌላ ቅጂ አለኝ፤ ልስጥዎ?»

«አምጪው! እሱንም እበላዋለሁ!»

«እንግዲያው ይቅር፤ ለሆድዎም ደግ አይደለም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከከፈሉ ወይም እንዴት እንደሚከፍሉ መጥተው ከነገሩን ችሎት አንሄድም። ካልሆነ እዚያ እንገናኛለን።»

በማግስቱ አህዪት የሆነውን ስትሰማ አለቀሰች። «ደብዳቤውን በላው? እንግዲህ በምን ልናስከፍለው ነው?»

«ደብዳቤውን ነው የበላው» አለች ኤሊ። «ሸክላውን አልበላም።»

አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ኤሊ ክስ አቀረበች። መጥሪያ ሲደርሰው ጅብ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ሾላው ሥር ነው። ቀበሮም ትናንት ማንን ሲያገለግል እንደነበረ ትዝ አላለውም፤ ወይም ትዝ ብሎት ደስ አለው።

«ስንት ጠየቀችህ?»

«በላሁት።»

«ቁጥሩን?»

«ደብዳቤውን።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ግድ የለም፤ እኔ የአህዪት ጠበቃ ስለነበርሁ ምስጢሯን አውቃለሁ። ሸክላው ላይ ያለው አሥር ጭረት ነው። ሁለቱን ስትመልስ ጭረቱን አላጠፋችም፤ ስለዚህ አሥር ትላለች። በዚህ መስክ ላይ አበዳሪ ሆኖ ቀንሶ የጠየቀ አይቼ አላውቅም። አንተ ወዲያው ዘለህ ተነሣና ‹ውሸት ነው! ሁለት መልሻለሁ፣ ስምንት ነው!› በል። ሚስትህን ምስክር ጥራ። አንበሳ ውሸት አይወድም፤ በሁለቱ ስትዋሽ ከተያዘች ስምንቱንም ይጥልባታል።»

«ስምንት ነው… ስምንት ነው…» ጅብ አጠና።

«የምክሬ ዋጋ አራት ዝልዝል ቋንጣ ነው።»

«ብሸነፍስ?»

«ቋንጣህን እመልሳለሁ።»

«በሸክላ እንፈራረም?»

ቀበሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔና አንተ? እንዴ!»

ጅብ ቋንጣውን ሚስቱን አሸክሞ አምጥቶ ሰጠ። መንገዱን ሙሉ «ስምንት ነው፣ ስምንት ነው» እያለ፣ ሌላ ሐሳብ ገብቶ እንዳያስረሳው ጥርሱን ነክሶ ችሎት ደረሰ።

ችሎቱ ሞልቷል። በግ ከፊት ተቀምጣ ለጎረቤቶቿ ማን እንደሚያሸንፍ ትነግራለች። ቀበሮ ከኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ያያል። ጸሐፊው ፍየል ሸክላዎቹን ተቀብሎ ደረደረ። አህዪት ብዙ መቆም ስላልቻለች አንበሳ እንድትተኛ ፈቀደላት። ኤሊ ወደ መሐል እስክትደርስ ሁሉም በትዕግሥት ጠበቀ፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ወሰደው።

«ጌታዬ» አለች ኤሊ፤ «ተከሳሹ ለአባታቸው ተዝካር አሥር ቁና ገብስ ተበድረዋል፤ መዳፋቸው ይኸው። ሁለቱን መልሰዋል፤ የሚመሰገን ነው። የምንጠይቀው የቀረውን ስምንት…»

«ውሸት ነው!» ጅብ ዘሎ ተነሣ። «ውሸት ነው ጌታዬ! ስምንት ነው!»

አንበሳ ወደ ፍየል ዞረ።

«ስንት ነው ያለችው?»

«ስምንት ነው ያለችው ጌታዬ» አለ ፍየል ሸክላውን አይቶ።

«አንተስ ስንት ነው የምትለው?»

«ስምንት! አንድም ቁና አልጨምርም! ምስክር አለኝ፤ ሁለቱን ስንመልስ የሰፈረችው ሚስቴ ናት!»

ጅቢት ተጠርታ ቀረበች። ባሏን አየችው፤ አህዪትን አየቻት።

«አሥር ወስደናል» አለች። «ሁለት መልሰናል። ስምንት ይቀርብናል።»

«ሰማችሁ!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ ዙሪያውን እያየ። «እኔ የምለውን ነው ያለችው!»

ከኋላ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ጸጥ አለ። አንበሳ ብዙ ዘመን ፈርዷል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ቁጥር ሲጯጯሁ ግን አይቶ አያውቅም። ጢሙን ዳሰሰ።

«እንግዲህ ሁላችሁም ከተስማማችሁ እኔም አልቃወምም። ስምንት ቁና ክፈል።»

«እና አሸነፍሁ?» አለ ጅብ።

ቀስ በቀስ፣ ከጆሮው ጀምሮ እስከ ጭራው፣ ነገሩ ገባው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምንም የለኝም!» ብሎ ተንበረከከ። «ከየት አምጥቼ?»

«አጎዛውን ይወሰድበት!» አለች በግ። «እሱ ብቻ ነው እንዴ!» አለ ሌላው። «ድስቱንም! ዋሻውንም!»

አንበሳ ኤሊን አያት። «ምን ትያለሽ?»

«አጎዛው አይነካም፤ ልጆች ይተኙበታል። ድስቱም ይበሉበታል። ዋሻውን ከወሰድን ክረምቱን ሜዳ ላይ ሊያሳልፉ ነው፤ ሜዳ ላይ ያደረ ተበዳሪ ደግሞ አይከፍልም። ከዋሻው ጓሮ ግን የተከመረ አጥንት አለ። ጃርት ጥርሷን የምትስልበት አጥንት ትፈልጋለች፤ ገብስም አላት። በየገበያው እየለወጡ ሁለት ሁለት ቁና ቢከፍሉ በአራት ገበያ ያልቃል። ወንዙ ሳይሞላ።»

«የአባቴ ማስታወሻ ነው!» ጮኸ ጅብ።

አህዪት ከተኛችበት ቀና አለች።

«ከክምሩ ውስጥ የአጎቴ አጥንት ካለ እሱ አይለወጥ» አለች ቀስ ብላ። «እሱን እኔ ልውሰደው።»

አንበሳ እንደተባለው እንዲሆን አዘዘ።

በመጀመሪያው ገበያ ጅብ ሁለት ቁና አመጣ። በሁለተኛው ገበያ ሁለት ቁና አመጣ፤ አብራው የመጣችው ጅቢት ስለሆነች መዘግየት አልቻለም። በሦስተኛው ገበያ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ልኮ ነበር፤ ኤሊ «የታመመ ይጠየቃል» ብላ ወደ ዋሻው መንገድ ጀመረች። ገና ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ጅብ ድኖ፣ ገብሱን ተሸክሞ ሲመጣ ተገናኙ። ኤሊ በየጊዜው የተቀበለችውን ለአህዪት ታስረክባለች፤ በየጊዜው ሸክላው ላይ ጭረት ታጠፋለች፤ ጅብም ጭረቱ ሲጠፋ ቆሞ ያያል።

አራተኛው ገበያ ሲደርስ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ወንዙ ደፍርሶ ነበር። ጅብ የመጨረሻውን ገብስ ይዞ መጣ። የዝናቡ ሽታ አጣድፎት፣ ቁናው ላይ ገልብጦ ከምሮ ሞላው። በግና ቁራው ለማየት መጥተዋል።

«ተከምሯል!» አለች በግ በአህዪት ጆሮ። «ዝም በይ፤ ትርፉን ውሰጂው።»

ኤሊ ግን ቀጭን እንጨት አነሣች። የቁናውን አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርጋ አስተካከለችው። ከላይ የፈሰሰው አንድ እፍኝ ያህል ነበር። ሰብስባ ለጅብ ዘረጋችለት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ጅብ።

«የእርስዎ ነው። ስምንት ሞልቷል።»

የመጨረሻውን ጭረት አጥፍታ ሸክላውን ሰጠችው። አህዪት ገብሷን ሁሉ ወደ ጎተራዋ አስገባች፤ ከዚያ ሰፍራ ለኤሊ ግማሽ ቁናዋን ከፈለች። በአራተኛው ቀን ወንዙ ሞልቶ ማዶው ታጠረ፤ በዚያው ቀን አህዪት ወለደች። ውርንጭላዋ ገና በደንብ ሳትቆም ጡት ፈለገች፤ ጡቱም ሙሉ ነበር።

በዚያ በመጨረሻው የገበያ ቀን ግን ሁሉም ወደቤቱ ከሄደ በኋላ ጅብ አልሄደም። እፍኝ ገብስ መዳፉ ላይ ይዞ፣ አንዴ ገብሱን አንዴ ኤሊን እያየ ቆመ። ጅብ ገብስ አይበላም፤ ቢሆንም መጣል አልሆነለትም።

«እትዬ ኤሊ።»

«አቤት።»

«ቀበሮ ቋንጣዬን ወስዶ አልመልስም አለኝ። ብሸነፍ እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ፈርሟል?»

«‹እኔና አንተ፣ እንዴ!› አለኝ።»

«ምስክርስ?»

«ሚስቴ ስትሸከም ነበረች።»

«ስንት ዝልዝል ነው?»

«አሥ…» ብሎ ጀመረ ጅብ። ቆመ። መዳፉ ላይ ያለውን እፍኝ ገብስ አየ።

«አራት» አለ።

ኤሊ እርጥብ ሸክላ አወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለንን እንዲያስመልስልን የምንልከው ጠበቃ የተበዳሪውን ደጅ የሚያንኳኳው በእኛ ስም እንደሆነና ሳይጨምር፣ ሳያዋርድ፣ ልጅ ከአጎዛው ላይ ሳያስነሣ የጠየቀልን ብቻ ገብሳችንንም ስማችንንም ይዞልን እንደሚመለስ ነው።